ለኦሞድ የመሰከርኩበት በጋ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየችው ሰናይት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሰናይት ከጎንደር ተመድባ ወደ ጋምቤላ የመጣች ወጣት ነርስ ናት። በምትሠራበት ጤና ጣቢያ የጀነሬተር ነዳጅ ጠፍቶ ዘበኛው ታስሯል። እሷ ግን ነዳጁን ሲያስጭን በዓይኗ ያየችው አለቃዋን ነው።

"እትዬ ዘነበች፣" አለችኝ፣ "ዛሬ የተነበበውን ሰምተዋል። የጻድቅ መንገድ ይጸናል፣ የክፉ መንገድ ይጠፋል ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነው። አለቃዬ አዲስ ቤት እያሠራ ነው፤ ዘበኛው እስር ቤት ነው። ብናገር ምን ይለወጣል?"

ገና ረፋድ ቢሆንም ሙቀቱ የጣራውን ቆርቆሮ ማንጣጣት ጀምሮ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ አመጣሁላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ በልጅነቴ የደረሰብኝን ነገርኳት።

ቤተሰቦቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ ወደ ጋምቤላ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ሲመጡ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ፤ ስለዚህ የማውቀው አገር ይኸው ነው። መንደራችን ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ይርቃል። በክረምት ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ በበጋ ደርቆ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። በሬዎቹን የቆላ በሽታ ስለጨረሳቸው አባቴ በቆሎውን የሚዘራው በመቆፈሪያ ቆፍሮ ነበር። ማንበብ አይችልም፤ ዳዊትን ግን ልጅ ሆኖ ከቆሎ ተማሪዎች እየሰማ ግማሹን በቃሉ ይዞታል። ሲቆፍር ከክፉዎች ጋር ስላለመሄድ፣ ከፌዘኞች ጋር ስላለመቀመጥ የሚናገረውን ክፍል እያጉረመረመ ይደግመው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ትርጉሙን አስቤው አላውቅም፤ የሥራ ዜማ ይመስለኝ ነበር።

በመንደሩ ያለው ወፍጮ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ይባላል። የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፣ ለክብረ በዓል ሰንጋ የሚገዛው እሱ ነው፣ ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነው። ሰው ሁሉ ደግ ሰው ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር።

ኦሞድ ደግሞ ወንዝ ዳር የሚኖር አኙዋክ ዓሣ አጥማጅ ነው። ዓሣውን በልጥ አንጠልጥሎ ወደ መንደራችን ይመጣና በበቆሎ ይለውጣል። ቁጥብ ሰው ነው። እናቴ ስትከራከረው ዝም ብሎ ይሰማትና በመጨረሻ አንድ ትንሽ ዓሣ ይጨምርላታል።

ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት፣ በበጋው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጀሪካኔን ሞልቼ ከወንዝ ስመለስ ጋሽ ደምሴ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ብቻውን ቆሞ ሣር ሲለኩስ አየሁት። ግቢውን ለማስፋት እያጸዳ ነበር። "እንደምን ዋሉ?" አልኩት፤ እጁን አንሥቶ ሰላም አለኝ። ኃይለኛ ንፋስ ነበር። ቤት ሳልደርስ ከበስተኋላዬ ጩኸት ሰማሁ።

እሳቱ ከሣር ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ጎተራ ዘለለ። የጎረቤቶቻችን እህል ነደደ። ብቻቸውን የሚኖሩት የእማማ በለጡ ጎጆ ከነዕቃው አመድ ሆነ። መንደሩን የሞላው የጥብስ በቆሎ ሽታ ነበር፤ የሰው ልፋት እየጠፋ እንኳ ሽታው የሚያስርብ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፀሐይ ሳትገባ ወሬው ተሰራጨ። አኙዋኮች ለአደን ሣር ያቃጥላሉ፣ ኦሞድም በዚያ በኩል ሲያልፍ ታይቷል ተባለ። ወጣቶቹ ዱላ ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ደግነቱ ሚሊሻዎቹ ቀደሟቸውና ኦሞድን ይዘው ወደ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ቤታችን መጣ። አባቴን ስለ ጤናው፣ ስለ ማሳው ጠየቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ዘነበች ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው አሉ። ከተማ ስለ ማረፊያ አታስቢ፤ የእህቴ ቤት ሰፊ ነው፣ እሷ ጋ ትሆኛለሽ።"

ደስ አለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ብቻ ነበር፤ ማረፊያ ማጣቴ ሌት ተቀን ያስጨንቀኝ ነበር።

"ትናንት ወንዝ ወርደሽ ነበር፤" አለ ቀጥሎ። "ኦሞድን እሳት ሲለኩስ አይተሽዋል አይደል? ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ይህንኑ ብቻ ትናገሪያለሽ።"

"እሱን አላየሁትም፤" አልኩ። "ያየሁት እርስዎን ነው። ሰላም ብዬዎት የለም?"

ጋሽ ደምሴ አልተቆጣም። "ልጅ ናት፣ ጭሱ አምታቷታል፤" አለና ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ አባቴን፣ "በደንብ አስባችሁበት፤" አለው።

እናቴ ፈራች። "ወፍጮው የእሱ ነው። ሰውም ከእሱ ጋር ነው። ልጅቷም ትማርበት ነበር። ለማናውቀው ሰው ብለን እንዴት እንሆናለን?"

"እናውቀዋለን እንጂ፤" አለ አባቴ። "ዓሣውን ስንበላ ኖረን የለም?" ከዚያ እኔን አየኝ። "እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንግዲያው ነገ እንሄዳለን።"

በማለዳ ወጣን። አባቴ ንፍሮ በጨርቅ ቋጥሮ ይዟል። አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተቃጠለው መሬት ጥቁር ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ እያሰብኩ ስንት ጊዜ እንመለስ ልለው ነበር። በመጨረሻ፣ "አባዬ፣ እዚያ ስደርስ ብፈራስ?" አልኩት።

"ፍሪ፤" አለኝ ሳይዞር። "ብቻ ንገሪ።"

ፖሊስ ጣቢያው ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ቀድሞን በመኪና መጥቶ ከመርማሪው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። "ደከማችሁ፣ ኑ እዚህ ጋ ተቀመጡ፤" ብሎ ፈቀቅ አለልን። አባቴ፣ "ቆመን ይሻለናል፤" አለው። ኦሞድ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከንፈሩ አብጧል።

መርማሪው ጠየቀኝ፤ ያየሁትን ተናገርኩ። እየፈራሁም ቢሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት።

"ማነው ያስጠናሽ?"

"ማንም። ያየሁት ነው።"

መርማሪው ኦሞድን፣ "አንተስ?" አለው።

"እኔ ዓሣ ነው፤" አለ ኦሞድ። "ሣር ምን ያደርግልኛል?"

የእኔ ቃል ብቻውን ይበቃ እንደሆን አላውቅም። ነገሩ ሲሰማ ግን እማማ በለጡ ራሳቸው እየተደገፉ መጥተው፣ እሳቱ የተነሣው ከወፍጮ ቤቱ በኩል መሆኑን ተናገሩ። ኦሞድ በዚያው ሳምንት ተፈታ።

ሰናይት እዚህ ላይ ፊቷ ፈካ። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ጋሽ ደምሴ ምንም አልሆነም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ድንገተኛ አደጋ ነው ተባለ፣ ነገሩ ተዳፈነ። በዓመቱ አይሱዙ ገዛ። የእኛ ጆንያ ወፍጮ ቤቱ በደረሰ ቁጥር ማሽኑ ይበላሻል። እናቴ መዳፏ እስኪላጥ በድንጋይ ፈጨች። ጎረቤት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፊቱን ያዞርብን ነበር። የእኔም ትምህርት በዚያ ዓመት ቀረ። ጓደኞቼ ወደ ከተማ ሲሄዱ እኔ ማሳ ውስጥ ቆሜ አየኋቸው። የክፉ መንገድ የሚጠፋው መቼ ነው እያልኩ አባቴን እጨቀጭቀው ነበር። እሱ መቆፈሩን ይቀጥል ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ማብቂያ ላይ ኦሞድ ወደ ቤታችን መጣ።

"እህቴ አሪየት ከተማ አለች፣ ባሮ ዳር፤" አለው አባቴን። "ቤት አለ። ልጅ ይምጣ፣ ይማር።"

ሰፈራችን ሲሰማ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ግን፣ "እግዜር ይስጥልን፣ ትመጣለች፤" አለ። አራት ዓመት አሪየት ቤት ኖርኩ። ባሮ ውስጥ ልብስ ማጠብ፣ ዓሣ ማጽዳት፣ አኙዋክኛ መናገር ከእሷ ተማርኩ። ጾም ሲገባ ገንፎዬን ለብቻ አውጥታ፣ "ዓሣ የምትተዪው እስከ መቼ ነው?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። አስተማሪ የሆንኩት ከዚያ ቤት ወጥቼ ነው።

"ጋሽ ደምሴስ?" አለችኝ ሰናይት።

"አርጅቶ፣ በልጆቹ ተከቦ፣ አልጋው ላይ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እኔም ሄጄአለሁ።"

ሌላ መልስ እንድሰጣት የጠበቀች ይመስለኛል። እኔም ረጅም ጊዜ ሌላ መልስ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ያ አባቴ የሚደግመው፣ እሑድም የተነበበው ክፍል ስለ ቅጣት ከመናገሩ በፊት ስለ ሌላ ነገር እንደሚናገር ይገባኛል፦ ሰው ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ። የክፉው መጨረሻ የእግዚአብሔር ነው፤ እኔ አላየሁትም። የእኔ ድርሻ ያ አግዳሚ ላይ ሳልቀመጥ ቆሜ መናገር ነበር። እናቴም፣ ያ ሁሉ ዓመት በድንጋይ ፈጭታ፣ ባልሄዳችሁ ኖሮ ብላ አታውቅም።

ሰናይት የውሃውን ብርጭቆ አስቀምጣ፣ "ሰኞ እሄዳለሁ፤" አለች። ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ አብረን ሄድን፣ ቃሏን ሰጠች። አለቃዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግራትም፤ ሩቅ ወዳለው ወደ ፑኝዶ ሊያዛውራት ነው የሚል ወሬም አለ። ዘበኛው ግን እስካሁን አልተፈታም። ዛሬም ልንጠይቅ ሄደን መርማሪው የለም፣ ነገ ኑ ተብለናል። ነገ ተመልሰን እንሄዳለን።