የግሌኒስ ጭብጥ

ግሌኒስ ሃርድዊክ መኪናቸውና ተጎታች ቤታቸው እንዴት እንደሚያያዙ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ፖርት ኦገስታ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የምግብ መሸጫ የሥጋ ፓይ ስታሞቅና ልጅ ስትቆጣ ያረጀች ሴት ናት። የዕረፍት ጊዜ ሲደርስ ሻንጣ ታዘጋጃለች፤ ባሏ ቨርን ከኋላ ሆኖ ብረት ከብረት ያንኳኳል፤ «ግቢ!» ይላታል፣ ትገባለች፣ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ከፔርሙዝ ሻይ ትቀዳለታለች። ሥራው በዚህ መልክ ተከፋፍሎ ትዳሩም በሰላም ዘልቋል።

ኋላ ግን የቨርን ዓይን ከዳው። የባቡር ጥገና ሠራተኛ የነበረ፣ ብሎን በጨለማ የሚያስር ሰው፣ የሚያየው ነገር ሁሉ መሀሉ እየጠቆረ ሄዶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀረለት። የሰው ፊት ለማየት የሰውየውን ጆሮ ማየት አለበት። ሚስቱንም ሲያዋራ ጆሮዋ ላይ ዓይኑን ይተክላል፤ መጀመሪያ ሰሞን «ጉትቻዬን ልትሰርቀኝ ነው?» እያለች ትስቅበት ነበር። ሐኪሙ ዳሩም ቢሆን እስከ ገና መቆየቱን እንደሚጠራጠር ነገረው። ቨርን መንጃ ፈቃዱን መለሰ። ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠ።

«ዓሣ ነባሪዎቹን ሳላያቸው?» አለ።

በየክረምቱ ዓሣ ነባሪዎች ሊወልዱ በስተምዕራብ ካለው የባሕር ገደል ሥር ይመጣሉ። ሁለቱም «በሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን» ሲሉ ነው የኖሩት። አሁን የሚቀጥለው ዓመት የለም። ዓሣ ነባሪ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፤ እዚያው ሰፍሮ ቀናት መጠበቅ ይጠይቃል፤ ለመስፈር ደግሞ ተጎታች ቤቷን ይዞ መሄድ ግድ ነው። የሚጎትታት ሰው ከግሌኒስ በቀር አልነበረም።

ልጃቸው ካርሊን በስልክ ጮኸች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ የገበያ ጋሪ እንኳ ቀጥ አድርገሽ መግፋት አትችይም! ሽጡት ይሄን ነገር። ገዢም አግኝቼላችኋለሁ።»

«ገዢሽን ሻይ ጋብዢው» አለችና ግሌኒስ ስልኩን ዘጋች።

ነሐሴ ላይ፣ አጥንት በሚበላው ብርድ፣ ቨርን ግቢው ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ማስተማር ጀመረ። መኪናው ገና ብቻውን ቆሟል። በዳበሳ ወደ ፊት ጎማው ሄደ፤ እጁን ጨበጠና ጭብጡን በቁመቱ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አስገባው። ከላይም ከታችም ልክክ አለ።

«ይኸውልሽ፣ አንድ ጭብጥ» አለ። «ተጎታች ቤቷ ኋላ ላይ ስትጫንበት መኪናው ቂጡን ይጥልና አፍንጫውን ሽቅብ ያነሳል። ያኔ የፊቱ ጎማ መሬቱን በወጉ አይዝም፤ መሪው እጅሽ ላይ ይቀላል። ከተጎታቿ ጋር የመጡትን እነዚያን ሁለት ረዣዥም ብረቶች ከኋላ የምንወጥራቸው አፍንጫው ወደነበረበት እንዲመለስ ነው። በመጨረሻ እዚህች ጋ ያው አንድ ጭብጥ ይሁን።»

«በቃ? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ስታንኳኳ የኖርከው?»

«ማንኳኳቱማ አንቺ ሻንጣሽን እስክትጨርሺ ነበር።»

«ሂድ እንግዲህ፣ ግባና ተቀመጥ። ብቻዬን ልሥራው። መንገድ ላይ ማን ሊረዳኝ ነው?»

ቨርን ሳይከራከር መኪናው ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ ከፈተ። ግሌኒስ የተጎታች ቤቷን አፍንጫ በክሪኩ ቀስ እያለች አወረደችና መኪናው ኋላ ባለው የብረት ኳስ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቆለፈችው። መኪናው ወዲያው ኋላው ሰጠመ፤ ፊቱን ወደ ሰማይ አነሳባት። ሁለቱን ረዣዥም ብረቶች ከኳሱ ሥር ሰካች፣ ክሪኩን መልሳ አነሳች፣ የብረቶቹን ጫፍ የያዘውን ሰንሰለት በማንሻው ዘንግ ስባ በግራም በቀኝም ተጎታቿ ላይ ባለው ማንጠልጠያ አስገባች። ከዚያ ክሪኩን ለቀቀችው።

አፏን የከፈተችው እዚህ ላይ ነው። ብረቶቹ ሲጥ አሉና በጥቂቱ ደገኑ፤ እዚያ ማዶ ደግሞ፣ ማንም ያልነካው የመኪናው አፍንጫ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰግድ ሰው ዝቅ አለ። ግሌኒስ ዘንጉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያን ሁሉ ሸክም ማን ወሰደው? ምጣዱ፣ አልጋው፣ ውሃው፣ የቨርን ዓሣ ማጥመጃ፣ ያ ሁሉ ክብደት የእጅ አንጓ በሚያህሉ ሁለት ብረቶች ገፊነት ከመኪናው ኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ጎማ ሄደ። እሷ ለዘመናት በዚህ ተአምር ላይ ተቀምጣ ብስኩት ስትበላ ኖራለች! ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲህ ተገርማ ቆማ አታውቅም፤ ይህን ስል ቄሱ ቢሰማኝም ግድ የለኝም።

ወደ ፊት ጎማው ሄዳ ጭብጧን አስገባች። ላላ አላት። ስለዚህ ተመልሳ ሰንሰለቱን በአንድ ቀለበት አሳጠረችው። አሁንም ላላ አላት። ሌላ ቀለበት ጨመረች፤ በዚህኛው ዘንጉ ላይ በሙሉ አካሏ ተንጠልጥላ ነው ያስገባችው። ጭብጧ ከላይም ከታችም ልክክ ሲል «ጨረስኩ!» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ቢያያት ደስ ባላት ነበር።

በዚያው ተነሱ፤ ካፊያ ጀምሯል። ከከተማ ወጥተው ቀይ ሜዳው ውስጥ ሲገቡ መኪናው ጥሩ አልተሰማትም፤ መሪው ከብዷት፣ ኋላው ግን መሬት የጠላ ይመስል ነበር። ባለሦስት ተሳቢ ከባድ መኪና ከፊት መጣና አለፋቸው፤ ነፋሱ ሲመታቸው የመኪናው ኋላ እንደ ውሻ ጅራት ተወዛወዘ። ቨርን የበሩን እጀታ ጨመቀ። ግሌኒስ ማረፊያ ቦታ አይታ ስትታጠፍ እርጥብ ጠጠር ላይ ፍሬን ያዘች። ያን ጊዜ የመኪናው ኋላ ትቷት ሄደ፤ መንገዱና ቁጥቋጦው ቦታ ተለዋወጡ፤ ተጣመው ቆሙ። ሬዲዮው ብቻ ያወራ ነበር።

«ካርሊን ልክ ናት» አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «ልገድልህ ነበር። ይሸጥ፣ ቨርን። አልችልም፣ በቃ።»

ቨርን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እዚያም ለሱ መሀሉ ጥቁር ነበር። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ መኪናውን እየዳበሰ ፊት ጎማው ጋ ደርሶ አጎነበሰ።

«ግሌን! እጄ አልገባም አለ እኮ!»

«ምን ማለት አልገባም? የኔ ልክክ ነው ያለው!»

ቨርን ቀና አለ። «የማን?»

«የኔ ነዋ! አንድ ጭብጥ አላልክም?»

«አምጪው እስኪ።»

ጭብጧን ዘረጋችለት። እሱም የራሱን፣ ብሎን ሲያጠብቅ ያበጠውን ትልቅ ጭብጥ፣ ከጎኑ አቆመው። የሷ ከሱ በጣት ውፍረት ያንስ ነበር። ቨርን በሌላው እጁ ሁለቱንም ዳበሰ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግሌኒስ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቀ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ የፊቱን ጎማ መሬት ውስጥ ልትቀብሪው ምንም አልቀረሽ! ኋላውን እኮ ባዶ አስቀረሽው፣ በምኑ መሬት ይያዝ!»

«ታዲያ ‹የኔ ጭብጥ› አትልም ነበር!»

«ልክ ነሽ፣ አላልኩም። ከኔ ሌላ እጅ መኖሩን ረስቼ ነው» አለና ጆሮዋን ተመለከተ፤ ፊቷን ማየቱ ነበር። «ፍቺው። እንደ አዲስ በራስሽ እጅ ለኪ፣ ሳታያይዢም፣ አያይዘሽም። የኔን እርሺው።»

ፈታችው። መኪናው ብቻውን ሲቆም በሷ እጅ አንድ ጭብጥና አንድ ጣት ሆነ። ቨርን ዝናብ ውስጥ ቆሞ አንድም ብረት ሳይነካ ጠበቃት፤ ይህ ለሱ ቀላል አልነበረም። እንደገና አያይዛ ሰንሰለቱን ስትሰቅል ዘንጉ አላስጨነቃትም። አፍንጫው ያን ስግደቱን ሰገደ፤ አንድ ጭብጥና አንድ ጣት ላይ ቆመ። መንገድ ሲገቡ የመጣው ባለሦስት ተሳቢ በነፋሱ ሲመታቸው መኪናውም ቤቷም አንድ ላይ ትንሽ ብቻ ዘንበል ብለው ተመለሱ። ግሌኒስ በደስታ ጮኸች፤ «አየኸው? አየኸው?» አለች፣ ማየት እንደማይችል እንኳ ትዝ ሳይላት።

ገደሉ ጫፍ ላይ ሁለት ቀን ባዶ ባሕር እያዩ ጠበቁ። በሦስተኛው ጠዋት ነፋሱ ቆመ፤ ከሥራቸው ውሃው ጠቆረና አንዲት እናት ዓሣ ነባሪ ግልገሏን ከጎኗ አድርጋ ወጣች። ከአውቶቡስ ትበልጣለች። እስትንፋሷ ገደሉ ድረስ ተሰማ። አጠገባቸው የነበሩት ሌሎች ጎብኚዎች ወደ ገደሉ አጥር ተጠጉ፤ ግሌኒስም አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች።

ዞር ስትል ቨርን ባሕሩን አያይም። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ጆሮዋን ሳይሆን በቀጥታ ፊቷን ይመለከታል። ተስፋ የቆረጠ መሰላት።

«ቨርን! በዚያ ነው እኮ፣ በግራህ! እኔን ምን ታያለህ?»

«እሽሽ፣ አትንቀሳቀሺ» አለ። ጉንጩ እርጥብ ነበር። «አንቺ አትታይኝም። አንቺን ሳይ ግን በዳር በኩል እሷ ትታየኛለች። ልጇንም አያታለሁ። አቤት፣ ግሌን!»

ግሌኒስ አልተንቀሳቀሰችም። በጆሮው አጠገብ አሻግራ ዓሣ ነባሪዋን እያየች፣ አንገቷ እስኪዝል ድረስ እዚያው ቆመችለት።