ሸምሱ አውቶቡሱን የተከተለ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ኳስ አወራወር በማሳይበት ትምህርት ቤት በር ላይ አንዲት እናት የልጇን ሻንጣ አልለቅም ብላ ቆመች። ልጆቹ ክሪኬት ሊጫወቱ ወደ ደርባን መሄዳቸው ነው። "ማታ የት ነው የምታሳድረው?" ትለዋለች አሰልጣኙን፣ ደጋግማ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ታላቅ ወንድሜ ሸምሱ ከሞተ ገና ነው።

ሸምሱ አውቶቡሳችንን የተከተለ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ኦሬንጅ ፋርም በሚባል የድሆች ሰፈር፣ ከሸምሱ ሱቅ ኋላ ባለችው ክፍል ነበር የምንኖረው። ታኅሣሥ ነው፣ በዚህ አገር የሙቀት ወር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ያቃጥላል። አሰልጣኛችን ሲፎ ሊያስፈቅድልኝ መጣ።

"ወንድሜ፣ ብሉምፎንቴን ከተማ ሄደን እንጫወታለን" አለው በዙሉ ቋንቋ። "እዚያ ጥሩ ሆኖ የታየ ለክፍለ ሀገሩ ወጣቶች ቡድን ይመረጣል። ከዚያ ብሔራዊ ቡድን፣ ከዚያ ውጭ አገር። ልብሱን ብቻ ይያዝ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው።"

ሸምሱ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ ሰማው። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ "ይሄ ደላላ ነው" አለኝ።

"አሰልጣኝ ነው እኮ።"

"የኔውም ደላላ መጀመሪያ ሞያሌ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ ከዚያ ማላዊ ነበር ያለኝ። ልብስህን ብቻ ያዝ አለኝ። ልብሱም ማላዊ ቀረ።"

"ምን አለ?" አለኝ ሲፎ።

"እያሰበበት ነው።"

ያ ደላላ ወደዚህ አገር ሲያመጣቸው ጫካ ውስጥ ጥሏቸው ጠፍቶ ነበር። ከሸምሱ ጋር ከተነሱት ያልደረሱ አሉ። ስለነሱ አያወራም። እኔን ግን በአውሮፕላን ነው ያስመጣኝ።

በዚያ ጉዞ ካልታየሁ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዬ ያልፋል። ለመንኩት። እህል እምቢ አልኩ። በመጨረሻ፣ "ትሄዳለህ። እኔም ከኋላ አለሁ" አለ።

ከኢድ በቀር ሱቁን ዘግቶ አያውቅም። ያን ቀን ዘጋ። ዕቃ በሚያመላልስባት ፒክአፕ አውቶቡሳችንን ተከተለ። መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ ነው፣ አያልቅም። ልጆቹ በመስኮት እያዩ፣ "ጠባቂህ አልደከመውም?" ይሉኛል። ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም እሱም ይቆማል። ሲፎ የተጠበሰ በቆሎ ወሰደለት።

"መጀመሪያ አንተ ቅመስ" አለው ሸምሱ።

ሲፎ ገመጠና ሰጠው።

ከሰዓት በኋላ የወረወርኩት ኳስ ከዋና መቺያቸው ኋላ ከተተከሉት እንጨቶች አንዱን ከመሬት ነቀለው፤ ልጁ ከጨዋታ ወጣ። ጓደኞቼ ላዬ ላይ ወደቁ። ከሥራቸው ወጥቼ ሸምሱን ፈለግኩ። ሜዳው ዳር፣ መኪናው ውስጥ፣ ዓይኑን ሲፎ ላይ ተክሎ ተቀምጧል።

ሲመሽ፣ "ማን አሸነፈ?" አለኝ።

"አላየህም?"

"እኔ ሰውዬውን ነበር የማየው።"

ለክፍለ ሀገሩ ተመረጥኩ። ከዚያ በላይ አልሄድኩም። በየጉዞው ግን ሸምሱ መከተሉን አልተወም፤ አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠረጥራል።

ለቅሶው ላይ አንድ ሰው፣ "ወንድምህ ክሪኬት ይወድ ነበር አሉ" አለኝ። ስወረውር አንድም ቀን አላየኝም። ያልመጣበት ጨዋታም አልነበረም።