ከበሩ ላይ የጎደለችው ፊደል

ጋሽ ምስማር ለልጆች ትምህርት ያላደረገው ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። ለሚስቱ ግን ምስጋናው በጎረቤት አፍ ሲመጣ ጉዳቱ ቤቷ ድረስ ይመጣ ነበር። የሳሎኗ ወንበሮች እሱ ወደሚያሠራው ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ሄደዋል፤ የግድግዳ ሰዓቷም ተከትሏል። ባለፈው ወር ደግሞ ልብስ እያጣጠፈች ቀና ብትል፣ ሁለት ሰዎች የጓዳዋን በር ነቅለው ይዘውት ሲወጡ አየች። ባሏ ከኋላ እየተከተለ፣ ለላይብረሪው ልክ መሆኑን ማታ ተኝታ ሳለች ለክቶ እንዳረጋገጠ ነገራት። እሱ የሚያስበው ስለ በሩ ልክ ነው እንጂ ጓዳው ያለ በር ስለመቅረቱ አይደለም።

ምስማር የተባለው በወጣትነቱ ነው። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ እየዞረ የተጣመመ ምስማር ይለቅም፣ ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመዶሻ ያቃና፣ በቁመቱ እየለየ በወተት ጣሳ ሞልቶ በእፍኝ ይሸጥ ነበር። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ አልበቀለም። ከጣሳው ወደ ጠባብ ሱቅ፣ ከሱቁም ቀለሙ፣ ማጠፊያው፣ ቁልፉና ቆርቆሮው እስከ ጣሪያ ወደተደረደረበት ሰፊ መደብር ደረሰ።

ፊደል ግን አልቆጠረም ነበር። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ አናጢ ኮላ ብሎ ቫርኒሽ ሸጠለት፤ የሁለቱ ቆርቆሮ ቀለም አንድ ነው። አናጢው በሳምንቱ ተመልሶ የወንበሩን እግሮች አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ደረደረለትና ወጣ። ጋሽ ምስማር ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ሚስቱ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ከቆርቆሮው ላይ ታስጠናው ጀመር። ቀ ከቀለም፣ ኮ ከኮላ። በዓመቱ የማያነበው ቆርቆሮ አልነበረም። ሲጽፍ ግን አፉ እንዳለው ነው። ሲታረም፣ "ከአፌ የወጣውን ነው የምጽፈው፣ ሌላ ከየት አመጣለሁ?" ይላል።

ትምህርት ቤቱን በሦስት ዓመት ጨረሰው፤ ስምንት ክፍል፣ የውሃ ታንከር፣ ከብረት የተሠራ አረንጓዴ በር። ሁለት መቶ አርባ ልጆችን የመዘገበችው ሚስቱ ነች፣ በገዛ እጅ ጽሕፈቷ። ለእያንዳንዷ እናት "ሰኞ ጠዋት ይዘሻቸው ነይ" ብላለች።

ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው የበሩ ጽሑፍ ተሰቀለ። ክንድ ክንድ የሚያህሉ የብረት ፊደሎች፣ ነጭ ተቀብተው በአረንጓዴው የበር ግንባር ላይ። ሚስቲቱ ቀና ብላ አነበበች። "ትምርት ቤት" ይላል። ህ የለችም።

በያጁን ጠየቀችው። ጋሼ በጠመኔ ወለሉ ላይ ያሰመሩለትን እንደበየደ፣ እሱ ብረት እንጂ ፊደል እንደማያርም ነገራት። መምህራኑን ጠየቀች። ሁሉም አይተዋል፤ አንዱ ሌላው እስኪናገር ሲጠብቅ ሁለት ቀን አልፏል። ወደ ባሏ ሄደች።

"ህ ረስተሃል።"

"የት ላይ? እስቲ በይው። ትሰማለች?"

"አትሰማም፤ ግን ትጻፋለች።"

"ለማትሰማ ፊደል ብረት አላባክንም።"

ከዚያ በኋላ ብትለው ብትሠራው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷም ንግግሯን ተወችና የመማሪያ መጻሕፍቱን ካርቶን ከፈተች። አንዱን መጽሐፍ ትራሱ ላይ፣ አንዱን ወንበሩ ላይ፣ አንዱን ጫማው ላይ፣ አንዱን መላጫው አጠገብ አኖረች። ሁሉም ሽፋናቸው ላይ "ትምህርት" ይላሉ። ዓርብ ጠዋት በያጁን ጠርቶ መሰላል አስቆመ። ቦታ አልነበረምና ህ ታክሲ መሐል ተጠጋጉልኝ ብሎ እንደገባ ተሳፋሪ በ'ም' እና በ'ር' መካከል ከፍ ብላ ተሸጎጠች። ጋሽ ምስማር ከሥሯ ቆሞ ላለፈ ላገደመ ሁሉ "ትም፣ ህ፣ ርት" እያለ ያነብ ጀመር፤ ፊደሏን እሱ የወለዳት ይመስል።

ከሰዓት በኋላ የመክፈቻ ፈቃዱን ሊቀበሉ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ወረቀቱ ላይ ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ ስሙም ተጽፎበታል፣ "ትምርት ቤት" ተብሎ። ባሏ ማመልከቻውን ለብቻው ሞልቶ አስገብቶ ኖሯል፣ ሊያስደንቃት ብሎ።

ጸሐፊዋ እንዲህ አለች፤ "እናቴ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የገለበጥኩት። ማረሚያው በኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው የሚቀመጠው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሰኞ ተቆጣጣሪው መጥቶ በሩንና ፈቃዱን ያመሳክራል። ፊደል በፊደል ካልገጠመ ዘንድሮ አይከፈትም።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። መንገድ ላይ፣ "በቃ፣ እናውርዳት" አለችው።

"አላወርድም። ትጻፋለች ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"እንግዲያው ትጻፍ። ልጅ ፊደል ሊቆጥር ሲመጣ በሩ ላይ ስህተት ይቀበለው? አንዴ ያወቅኩትን አላውቅም አልልም።"

"በሩ ካልተከፈተስ የት ይቆጥራል?"

እሱ እርምጃውን አፈጠነ። ሐሙስ ስትጎትተው ያልተነቃነቀ ሰው፣ ዛሬ እሷ ወደዚህ ስትዞር እሱ ወዲያ ማዶ ሄዶ ቆሟል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ስንት ዓመት እንደኖረች ልትቆጥር ጀምራ ተወችው።

እሑድ እሱ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሊሞግት ወጣ። እሷ ደግሞ ከመደብሩ የበሩን ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ትንሽ ቆርቆሮና ብሩሽ አንስታ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ዘበኛው እኔ ልውጣ ብሎ ቢለምናት፣ አንተ መሰላሉን ያዝ ብላ ቀሚሷን ሰብስባ በስድሳ ሦስት ዓመቷ ወጣች። ህን ጎኗን ሳይቀር አረንጓዴ ቀባቻት። ወርዳ ከመንገዱ ማዶ ሆና ስታይ፣ ፊደሏ በቦታዋ አለች፣ ግን አትታይም።

ሰኞ ጠዋት እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው አጥሩን ሞሉት። ተቆጣጣሪው ፈቃዱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ጣቱ አየር ላይ እየጠቆመ ፊደል በፊደል አመሳከረ። ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። በሩ ተከፈተ፤ ልጆቹም እየተገፋፉ ገቡ።

ባሏ ሁለት ቀን ሙሉ ያዘጋጀውን፣ ሰብሳቢው ያልተቀበለውን ክርክር ሊጀምር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቀና ሲል ዘጋው።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። አልነቀልኳትም፤ ኮሚቴው ሲቀመጥ መልሰህ ነጭ ቀባት።"

ዓይኑን አጠበበ። "አንድ እጅ ብቻ ነው የቀባሽው። ነጩ ከሥር ያሳብቃል፣ ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። መሰላሉ የት አለ?"

ተቆጣጣሪው ገና አሥር እርምጃ አልራቀም። እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው፤ እሱ እየጎተተ፣ እሷ ላትለቀው ወስና፣ ለሚያልፉት እናቶች እየሳቀች አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ትሰጥ ነበር።