ከዳባት በኋላ ባዶ የሄደው ወንበር

ደባርቅ የሄድሁት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ሰልፍ ከተውሁ ቆይቻለሁ። ከተማው እየሰፋ፣ ሰልፉም እየረዘመ ሲሄድ እንደ ብዙው ሰው በስልኬ መኪና መጥራት፣ ከኋላ መቀመጥና ሳልነጋገር መውረድ ለመድሁ። ጎንደር ስደርስም ይኸው ልማድ መናኸሪያ አላስገባኝም፤ አንድ መኪና ለብቻዬ ኮንትራት ያዝሁ።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን፣ በገብስ ማሳዎች መካከል ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ በረታ። ዳባት ላይ የሚንተከተክ ተጋቢኖ በላን።

ዳባት

ልንነሳ ስንል አንዲት እናት ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ነፍሰ ጡር ልጃቸው የሱቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

"የኔ ልጅ፣ ምጧ ጠንቶባት ጤና ጣቢያ ደባርቅ ሆስፒታል ውሰዷት ብለውናል። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ወጥቷል፣ ሚኒባሱም ገና አልሞላም። እባክህ አድርሰን።"

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

"ኮንትራት ነው" አልሁ።

አልተከራከሩኝም። "እሽ፣ በሰላም ግቡ" ብለው ወደ ልጃቸው ተመለሱ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ነዳ።

ወቅን አካባቢ

ጎማችን ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም አየር የለውም። እጄን ዘርግቼ ብለምንም መኪኖች ጥለውኝ አለፉ። በመጨረሻ ጢም ብሎ የሞላ ሚኒባስ ቆመ። በሩ ሲከፈት እኒያ እናት ልጃቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል። አቀርቅሬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"ቦታ የለም" አለ ረዳቱ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! በዚህ ብርድ ሰው ሜዳ ላይ ጥለን ልንሄድ ነው?" አሉ እናቲቱ። ቀና ብለው ሲያዩኝ አወቁኝ። "ግባ፣ የኔ ልጅ።"

ሾፌሩ ከመኪናው ጋር ቀረ፤ እኔ ተጣብቄ ተቀመጥሁ። ምጡ ሲመጣባት ልጅቱ ክንዴን ጨምቃ ትይዛለች፤ ተሳፋሪው ሁሉ "ማርያም፣ ማርያም" ይላል።

"እናቴ፣ ቅድም እኔ..." ብዬ ጀመርሁ።

"አሁን እሷን ያዝልኝ" አሉኝ።

ደባርቅ

ሚኒባሱ መናኸሪያውን አልፎ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ልጅቱን ደግፈን አስገባናት።

በማግስቱ ከክርስትናው በኋላ ልጠይቃት ሄድሁ። በሩ ላይ ጥበቃው "በሰላም ተገላግላለች። እርስዎ ምኗ ነዎት?" አለኝ። የያዝሁትን አጥሚት እንዲያደርስልኝ ሰጥቼው ተመለስሁ።

አዲስ አበባ

ለብቻ መጓዝ ምቾት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰውን አይቶ ማለፍንም እንደሚያስለምድ ያወቅሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "መንገዱ እንዴት ነበር?" አለችኝ።

"ጎማ ፈነዳብን" አልኋት። ሌላውን ግን ለመናገር አፈርሁ።