የሲስተር ሰገን የቅናት መርፌ

ወረታ ላይ ሲስተር ሰገን ባሏን የቅናት መርፌ ወጋችው ይባላል። ወሬው ከመናኸሪያው ሻይ ቤት ተነሥቶ ሩዝ መፈልፈያዎቹ ዘንድ እስኪደርስ መርፌው ክንድ አክሏል። ሐሙሲት ሲገባ ደግሞ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ለቅናት፣ አንዱ ለጥርጣሬ። አንበሳሜ ላይ መርፌ የሚባል የለም፣ በጠላ በጥብጣ ነው ያጠጣችው ብለው የሚምሉ አሉ። ሁሉም ግን ማስረጃቸው አንድ ነው። ያ አያልነህ፣ ሚስቱን ቀና ብሎ ያየ ዓይኑ ይፍሰስ ይል የነበረው ሰውዬ፣ ዛሬ በየማለዳው ከደመኛው ከውባየሁ ደጅ ሂዶ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ድኗል! ታርቋል! ታዲያ መርፌ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እኔ አላመንሁም። የቅናት መርፌ ቢኖርማ ባላቸውን እየጎተቱ የሚሰለፉት የወረታ ሚስቶች ርብን ተሻግረው፣ አዲስ ዘመንን አልፈው፣ ጭራቸው ጎንደር ፒያሳ ላይ በታየ ነበር። ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር ከመኪና ሳይወርድ ዘመድ ያለው ሰው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጎረቤቱንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ አጥር ሥር ቁሞ ያየውንም ሁሉ ጠየቅሁ።

ሰገን የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ግን ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው «ቀጥሎ!» ከሚሉት አይደለችም። የእሷ ሥራ መሄድ ነው። የእሷ በሽተኛ ገና ያልታመመው ሰው ነው። ውኃው ካልፈላበት፣ ሽንት ቤቱ ካልተከደነበት፣ የወባ አጎበሩ ጣና ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ከሚያድርበት ቤት ሁሉ እሷ አለች። ፎገራ ሜዳ ላይ ሰገንን የማያውቅ ውሻ የለም፤ የማይጮኽባትም እንደዚያው።

ሥራውን ያስተማራት ጋሽ ተክለ ማርያም የሚባሉ የድሮ ድሬሰር ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ወባ ደንቢያን ካረገፈው በኋላ ጎንደር ላይ የጤና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ነው በሽተኛው እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ከቤቱ ሂዱ እየተባለ ባለሙያ ወደ ገጠር የወረደው። ጋሽ ተክለ ማርያም ያን ታሪክ ሲያወሩ በሽታውን ይዘሉትና ቅናቱን ይተርኩታል።

«ልጄ፣ ወባው አይደለም ያስቸገረኝ» ይሏት ነበር። «አራስ ልይ ብዬ ከአንድ ቤት ብገባ ባልዮው ዱላ ይዞ እስከ ጣና አባረረኝ። ከደንገሉ ውስጥ እስኪመሽ ተደብቄ ዋልሁ። ደብተራው ክታብ የሚያስጽፍ አጣሁ ብሎ ቀናብኝ። አዋላጇ እጄን ነጠቀኝ ብላ ቀናችብኝ። ቀንቶ ያላባረረኝ የፎገራ ከብት ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ወግቶኛል።»

ሲሞቱ ያወረሷት መሣሪያ አልነበረም፤ ቃል ነበር። «አንዱን ስታክሚ ቤቱን ሁሉ እይ። ያየሽውን ግን እደጃፉ ላይ ትተሽው ውጪ።» ሰገን ይቺን ቃል እንደ ማተብ አሰረቻት። ጣጣው ከዚህ ጀመረ።

ምክንያቱም ያገባችው አያልነህን ነው። አያልነህ ሩዝ መፈልፈያ አለው፤ ታታሪ ነው፣ ለጋስ ነው፣ ግን ይቀናል። ቅናቱ እንደ መፈልፈያው ነው፤ መብራት ቢጠፋም በናፍጣ ይሠራል። ሕፃናት ስትመዝን ውላ ስትመጣ «ወንዶቹ ይበዛሉ ሴቶቹ?» ይላታል። የልብ ማዳመጫዋን ሲያይ «የሰው ልብ ስታዳምጪ ትውያለሽ፤ የእኔን ማን ያዳምጠው?» ይላል። ለክረምት ጭቃ ቦቲ ሲገዛላት ሁለት ቁጥር ያስበለጠው ሻጩ ተሳስቶ እንዳይመስላችሁ። እግሯ እንዳያምር ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ውባየሁ ነው። ውባየሁ ከመንገዱ ማዶ ሌላ መፈልፈያ አለው። ያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ሰገንን ሊያገባ አስቀድሞ ሽማግሌ የላከው እሱ ነው። በዚያ ላይ ጥርሱ! ሲስቅ በደንብ የተፈለፈለ ሩዝ ይመስላል። አያልነህ የራሱን ጥርስ በመስተዋት እያየ ስንት ጊዜ እንደተከዘ መስተዋቱ ይናገር።

እንግዲህ ሐምሌ ላይ ሰገን ከሥራ ሰዓት በፊት መውጣት ጀመረች። በየቀኑ፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ።

«ወዴት ነው በማለዳ?»

«ሥራ ነው።»

«ማን ቤት?»

«አይነገርም።»

«ለባልሽ?»

«ለባሌ ቀርቶ ለነፍስ አባቴም።»

አያልነህ ምሳ መብላት አቆመ። ሩዝ ሲፈለፍል ገለባውን ከረጢት ከቶ ሩዙን እስከ መጣል ደረሰ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ባጥለቀለቀበት ሰሞን፣ ተከተላት። ቦቲዋ እየጓጎረ ትሄዳለች፣ እሱ በሩዙ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ውኃ እየቀዘፈ ይከተላል። ደረሰች። የማን ደጅ? የውባየሁ!

ውባየሁ ከቤቱ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰገን ከቦርሳዋ የሆነ ነገር አውጥታ ከመዳፉ አኖረች። በውኃ ዋጠው።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ከፈተ። ያ ሁሉ ጥርስ ተገለጠ።

«ምላስህን አንሣ።»

አነሣ። ጠጋ ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ግራና ቀኝ አየች።

«ጎሽ!» አለችው።

ያቺ ጎሽ አያልነህን ከማሳው ውስጥ እንደ ጦር ወጋችው። ከተጋቡ ጀምሮ ጣራ ሠርቷል፣ ሞተር ገዝቷል፣ አማቱን አሳክሟል፤ አንድም ቀን ጎሽ አልተባለም። ይኸ ሰውዬ አፉን ስለከፈተ ጎሽ!

እውነቱን እናንተ አሁኑኑ እወቁት። ውባየሁ የሳንባ ነቀርሳ ይዞታል። መድኃኒቱ ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ፣ የሚያይ ሰው ባለበት መዋጥ አለበት። ቢያቋርጠው በሽታው ብሶበት ይመለሳል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል። አፉን የምታየው፣ መጀመሪያ ሰሞን ክኒኑን ከምላሱ ሥር ደብቆ ለዶሮ ሲተፋው ስለያዘችው ነው። «ሲስተር፣ የሚያስል ሰው ዘንድ ሩዙን የሚያስፈለፍል የለም። ወሬው የወጣ ቀን መድኃኒቱን እጥለዋለሁ፣ ሞቴን ልሙት!» ብሏታል። እሷም ላትናገር ቃል ገብታለች።

አያልነህ ከማሳው ብድግ አለ። ከጉልበቱ በታች አልቅት ተንጠልጥሎበታል፣ ከራሱ ላይ የሩዝ ቅጠል በቅሏል።

«ውባየሁ! ምንድን ነው ያጎረሰችህ?»

ውባየሁ ሰገንን አየ። ከአጥሩ ውጭ ሩዝ የጫኑ አህዮቻቸውን አቁመው ጆሯቸውን የቀሰሩትን ገበሬዎች አየ። ልቡ ሒሳቡን ቶሎ ሠራው። ፎገራ ላይ ውሽማ ያለው ወንድ ሩዝ ይፈለፍላል፤ የሚያስል ወንድ ግን አይፈለፍልም። ደረቱን ነፋና፣

«ወዳጄ ናት! ምን ታደርገኝ?» አለ።

ከገበሬዎቹ አንዱ እጁን ካፉ ላይ ጫነ። አህያዋ እንኳ ጆሮዋን አነሣች ይላሉ፤ እኔ አህያዋን አላገኘኋትም። ሰገን አንድ ቃል ብትተነፍስ ትዳሯን ታድናለች፤ ያቺው ቃል ውባየሁን ትገድለዋለች። ቦርሳዋን አነሣችና ለውባየሁ እንዲህ ስትል ባሏ እየሰማ ነበር፦ «ነገም ቁርስ ሳትበላ ጠብቀኝ።»

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። መካከል ላይ የባልና የሚስቱ የነፍስ አባት አባ ኪዳነ ማርያም አሉ። ጉዳዩ የትዳር ጉዳይ ነው፤ አያልነህ ልፍታት ብሏል። እንደሚወዳት ከፊቱ ያስታውቃል፤ ሲናገር የሰገንን ነጠላ ጫፍ ረስቶ ይዞት ነበር።

«እሺ፣ ሰገን ልጄ» አሉ አባ። «በየማለዳው ከዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሥራዬን፣ አባቴ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«አይነገርም።»

አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው መሬት መቱ። «ባሏ ሲጠይቅ አይነገርም፣ ሽማግሌ ሲጠይቅ አይነገርም፣ የምን አይነገርም ነው?»

አባ ኪዳነ ማርያም ጢማቸውን ያዙ። «ቆይ እስኪ አያ። እኔም ከዚህ ከተቀመጣችሁት ሁሉ የሰማሁት አለ። ለማን ነገርሁ? ልንገር?»

ሽማግሌዎቹ በአንድ ጊዜ እግራቸውን አዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ምስጢር የጠየቀ አልተገኘም። አያልነህ ብቻ «እሳቸው ቄስ ናቸው! እሷ ሚስቴ ናት!» እያለ ቀረ።

ክርክሩ ሞቆ ሳለ ሰገን ፀሐይዋን አየችና ተነሣች።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰዓቴ እያለፈብኝ ነው።»

«ወዴት?»

«ውባየሁ ቤት።»

እንዲህ ያለ ነገር ወረታ ከተፈጠረች አይታ አታውቅም። ሴትዮዋ ፍቺዋ እየተነገረ ከውሽማዋ ቤት ልትሄድ ተነሣች! ነጠላዋን ከባሏ እጅ ቀስ አድርጋ አላቀቀችና ሄደች። አያልነህ ተከተለ፤ ሽማግሌ ተከተለ፤ አባ መስቀላቸውን ይዘው ተከተሉ፤ ከቅዳሴ የሚመለሰው ሕዝብ ታቦት የወጣ መስሎት ተከተለ። ያን ሁሉ ሰው ችሎ ሜዳው አልሰመጠም።

ከውባየሁ አጥር ሲደርሱ ሰገን ዞረች። «ከዚህ አንድም ሰው አያልፍም» አለችና በሩን አንኳኳች።

ውባየሁ በሩን ገርበብ አደረገ። ቁርሱ ቀርቦለት ሊበላ ነበር፤ ከትናንቱ ነገር በኋላ ትመጣለች ብሎ አላሰበም።

«አብደሻል? ሊፈቱሽ አይደል እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«እሱን እኔ አውቃለሁ። ውኃ አምጣ።»

«ሕመሜን አልነገርሽም?»

«አልነገርሁም። ውኃ አምጣ።»

ውባየሁ በእሷ ትከሻ አሻግሮ ሕዝቡን አየ፤ አያልነህን አየ። አያልነህ ፊቱ እናቱ የታለበችበት ጥጃ መስሎ ነበር። እንግዲህ የሰው ልብ ነው፤ ውሸቱ ከሳሉ በላይ ከበደው። ክኒኑን ከእጇ ወስዶ እስከ አጥሩ መጣ።

«አባቶቼ፣ እዩኝ! የሳንባ ነቀርሳ ይዞኛል። መድኃኒቴ ይኸው ነው። ወዳጄ አይደለችም፤ ወዳጅ ብትሆንማ እንደ ፎገራ በሬ አፌን እያስከፈተች ጥርሴን ታይ ነበር?»

ዋጠ። ከፈተ። ምላሱን አነሣ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ወስደው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። መሬት በዘንግ የመቱትን አዛውንት በዚያች ቅጽበት ሳል ያዛቸው፤ ሰው ሁሉ ከእሳቸውም ራቀ።

«ጎሽ» አለች ሰገን። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ «እሱ መድኃኒቱን ከያዘ ስለሰነበተ አሁን አያስተላልፍም። የሚያስፈራው ሳይታከም እያሳለ የሚደበቀው ነው። ሳል የሰነበተባችሁ ሁሉ ነገ ጤና ጣቢያ ኑ» አለች፤ ይህን ስትል አዛውንቱን አላየችም፤ አዛውንቱ ግን ሰሙ።

አያልነህ ከእግሯ ሥር ሊወድቅ ጎንበስ ሲል አባ አነሡት። «ይቅር በይኝ፣ ሰገንዬ። ዓይኔ ታውሮ ነው።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

የውባየሁን ጥርስ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ግን… ነገም አፉን ታይዋለሽ?»

«እስከ ጥር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ጎሽም ትይዋለሽ?»

«ከዋጠ።»

አያልነህ ራሱን አከከ። «ሌላ ሰው ቢያይለት አይሆንም?»

«እሱ ከፈቀደ ይሆናል። አስተምረዋለሁ፤ እየመጣሁም አረጋግጣለሁ።»

«እኔ አየዋለሁ!»

«ከእሱስ ነቀርሳው ይሻለኛል!» ብሎ ጮኸ ውባየሁ።

ሰገን ግን ጠጋ አለችው። «አስብ እንጂ። ደመኛህ በየማለዳው አጠገብህ ተቀምጦ አልፈራህም ሲባል፣ የትኛው ገበሬ ይፈራሃል?»

ውባየሁ ማዶ ያለውን መፈልፈያውን አየና እሺ አለ።

እንዲህ ሁኖ አያልነህ የመድኃኒት ጠባቂ ሆነ። ጥበቃው ጉድ ነው፤ ባትሪ ይዞ ነው የሚሄደው። ምላስ አስነሥቶ፣ ጉንጭ አስነፍቶ፣ አንዳንዴ ያንኑ ጥርስ ቆጥሮ ይመለሳል። ጎሽ ግን ከአፉ አትወጣም። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ሸሽተው ነበር፤ ኅዳር ላይ አዲሱ ሩዝ ሲገባ የአያልነህን ድፍረት አይተው ተመለሱ። ወረታም ሁለቱን ጎን ለጎን ባየች ጊዜ ያቺን መርፌ ፈለሰፈች።

በቀደም ሰገንን በመንገድ አገኘኋት፤ ያንን ሰፊ ቦቲ ተጫምታለች።

«ሲስተር፣ አያልነህን የቅናት መርፌ ወጋሽው፣ ድኖ ከውባየሁ ጋር ታረቀ ይላሉ» አልኋት።

«መርፌ አልወጋሁትም» አለች። «አልዳነም። አልታረቁምም።»