የሠርክአዲስ ምስጋና በፎቶኮፒ

ሠርክአዲስ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ናት። ወቅቱ ሲያልቅ በርበሬ ላመጣላት ገበሬ ሁሉ በገዛ እጇ የምስጋና ወረቀት ትጽፋለች። ፊደል የቆጠረችው ወልዳ ከብዳ ስለሆነ መስመሩ ይወላገዳል፤ ግን የያንዳንዱን ቤት ታውቃለች። የአንዱ ልጅ ድቁና መቀበሉን፣ የሌላው ላም መውለዷን ሳታነሳ አታልፍም። ወረቀቱ ሲደርስ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለግና ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይሰማል። ሌላው ነጋዴ ዋጋ ጨምሮ እየጠራቸው እሷ ዘንድ የሚመጡት ለዚህ ነው።

ዘንድሮ እጇን ቁርጥማት ያዛት። ማርኬቲንግ ተምሮ የተመለሰው የእህቷ ልጅ ናሁሰናይ «እትዬ፣ ለኔ ተይው» አላት፤ ተወችለት።

አንድ ቀን መደብሯ ውስጥ የተረፉ ወረቀቶች አገኘች። ሁሉም የሷ ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም ላይ እዚያው ቦታ ቀለም ፈሷል። ናሁሰናይ አምና ለገበሬው ለገደፋው የጻፈችውን አንዷን ወረቀት ፍኖተ ሰላም ወስዶ፣ ስሙን ሸፍኖ በፎቶኮፒ አባዝቶ፣ በየክፍተቱ የየገበሬውን ስም ሞልቶበታል።

«ለአያ እንዳለውም ልከሃል?»

«ለሁሉም። ፐርሰናል ይመስላል እኮ፣ ማንም አይነቃም» አላት እየሳቀ።

 ወረቀቱ «ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ለከርሞ አብራችሁ ኑ» ይላል። የእንዳለው ሚስት እማዋይሽ የተቀበረችው በጥር ነው። ሠርክአዲስም ቀብሩ ላይ ድምጿ እስኪዘጋ አልቅሳለች። የልጁ ሳቅ አስጠላት፤ የተቀባው ሽቶ እንኳ አቅለሸለሻት። ይህን ሁሉ ዓመት የኖረችበት ስሟ አንድ ቤት ውስጥ ሲበላሽ ታያት፤ በማግስቱ ማልዳ ወደ እንዳለው አገር ተነሳች።

እንዳለው ከደጁ ተቀብሎ አጎዛ አንጥፎ አስቀመጣት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«አያ እንዳለው፣ ያን ወረቀት እኔ አልጻፍኩትም» ብላ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረችው። ስትናገረው ቃሉ ራሱ አፏ ውስጥ ይጎፈንናት ነበር።

እንዳለው አቀርቅሮ ሰማት። «በአርባዋ ዕለት ነው የደረሰን። ቄሱ ናቸው ያነበቡት፤ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ። አንብበው ሲጨርሱ መግቢያ አጡ።»

«ማሽን ነው የጻፈው፣ አያ። የኔ እጅ የለበትም።»

«እሱስ ይሁን፣ ማሽን ነው ካሉ።» ቀና ብሎ አያት። «እማዋይሽ ወረቀትዎ በመጣ ቁጥር ደግማ ታስነብበው ነበር። በየዓመቱ የመጡልንስ የማን ነበሩ?»

ሠርክአዲስ በሚካኤል ስም መማል ጀመረች።

«አይማሉ፣ እመት» አላት እንዳለው፣ መንገድ ለጠየቀው እንግዳ እንደሚመልስ ሰው በትሕትና።