ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ክዳን

እህቴ ቂመኛ ናት። ልወቅሳት ብዬ አይደለም፤ እኔም ቂመኛ ነኝ። ልዩነታችን የእሷ ቂም ሥራ ያውቃል፣ የእኔ ግን አፍ ብቻ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አንድ ደረጃ ላይ ቆሞ አንድ እውነት እንዲናገርላት ጠብቃለች። ሌላ ካሳ አልፈለገችም።

ሱቋ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በልብስ ሰፊና በቁልፍ ቀራጭ መካከል ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው እስከ ጣሪያው መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ሌላው ሰው የጣለው ሁሉ አለ። ከሁሉ በላይ የምትሳሳው ለአሮጌ የኢተርኔት ካርዶቿ ነው፤ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በገመድ የሚያገናኙትን። ከቁርጥራጭ ነጋዴ በኪሎ ትገዛቸዋለች፣ በጥርስ ብሩሽ ታጸዳቸዋለች፣ በማጉያ መነጽር ታነባቸዋለች፣ ከዚያ በየጀርባቸው ነጭ ፕላስተር ለጥፋ ሁለት ሁለት ቁጥር ትጽፍባቸዋለች።

«የዛሬዎቹ ካርዶች ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። እነዚህ ግን የድሮ ሰው ናቸው፤ አስተዋዋቂ ይፈልጋሉ» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አሮጌ ካርድ የሚገኝበት አድራሻና ኮምፒውተሩን የሚጠራበት ቁጥር አለው። ሁለቱም የሚወሰኑት ካርዱ ላይ በቆሙ ቀጫጭን መርፌዎች ላይ በምትሰካ፣ ከምስር ፍሬ በማትበልጥ የፕላስቲክ ክዳን ነው። ጃምፐር ይሏታል። ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም ደግሞ፣ ማለት ድራይቨሩ፣ እነዚያ ሁለት ቁጥሮች በአንድ መስመር ተጽፈው ሊነገሩት ይገባል። ካልተነገረው ይገምታል። ሲገምት በየአድራሻው እየዞረ ያንኳኳል፤ ያንኳኳው በር የሌላ ካርድ ከሆነ ያኛው ካርድ ይደነብራል። የእህቴ ኑሮ የተናጋው በዚህ ማንኳኳት ነው።

ያኔ የአንድ እህል መጋዘን የሚዛን ቤት ቴክኒሺያን ነበረች። የጭነት መኪና ሚዛኑ ላይ ሲቆም ክብደቱን አንድ ካርድ ይቀበላል፤ ሌላው፣ የኔትወርኩ ካርድ፣ ወደ ቢሮ ያስተላልፈዋል። ሁለቱም አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበሩ፤ አስማምታ ያኖረቻቸውም እሷ ናት። አባባ እዚያው የበር ጥበቃ ነበር። የጥበቃ ክፍሉ መስኮትና የሚዛን ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ናቸው፤ በሻይ ሰዓት እሷ እጇን ታወዛውዝለታለች፣ እሱ ኮፍያውን ያነሣላታል። ግቢው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር።

አለቃዋን ሰው «ከረባት» ይለዋል። ዝናብም ይሁን ሐሩር አያወልቀውም፤ ተኝቶም የሚያወልቀው አይመስለኝም። ይህ ሰው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ እህቴ በሌለችበት፣ ሚዛን ቤት ገብቶ ለድራይቨሩ ሁለቱን ቁጥሮች የጻፈችለትን መስመር ሰረዘ። ድራይቨሩ ካርዱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቦ ኖሯል። ድራይቨሩም ፍለጋ ወጣ፣ የሚዛኑን ካርድ በር አንኳኳ፣ ሚዛኑ አበደ። ባዶ መኪና የሁለት ሙሉ መኪና ክብደት አወጣ። መኪኖች ሁለት ቀን ተሰለፉ፣ ዝናብ ጣለ፣ ስንዴው ሸራ ሥር እንዳለ ረጠበ።

እህቴ ከምሳ ስትመለስ መስመሯ እንደጠፋች አየች። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቁት እሷና ከረባት ብቻ ናቸው። ግን አፏን ሳትከፍት እሱ ቀደማት። የሚዛን ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ሾፌሩም ጫኝ አውራጁም እየሰማ፣ «ይሄን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት። እጇ አያርፍም፤ የማታውቀውን ነካክታ ነው» አለና ኮምፒውተሩ አጠገብ እንዳትደርስ ከለከላት። በዚያው ሳምንት ተባረረች። «ነካኪዋ» የሚል ስም ወጣላት። ስሙ ግቢው ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር፤ ሥራ ልትጠይቅ በሄደችባቸው ሦስት መሥሪያ ቤቶች ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት።

ያን ሰሞን ምስክር ፈልጋ አባባን፣ «በምሳ ሰዓት ሚዛን ቤት ማን ገባ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«የታርጋ ቁጥር ስመዘግብ ነበር፣ ልጄ። አላየሁም» አላት።

አመነችው። ለምን አታምነው? አባቷ ነው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ሱቋ በር ላይ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግቶ መዋል ጀመረ። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ «የእኔ ልጅ እንኳን ካርድ ድንጋይ ታናግራለች» ይላል። እሷ የከረባትን ነገር ስታነሣ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞርና፣ «ተይው እስቲ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላታል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትለዋለች፣ ከካርዱ ላይ ዐይኗን ሳታነሣ።

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

እኔ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ ጎራ እልና ይህንኑ ሰምቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሰላሳ ጊዜ ሳልሰማው አልቀረሁም።

ታዲያ ባለፈው የመኸር ጊዜ መብረቅ ወረደና የሚዛን ቤቱን የኔትወርክ ካርድ አቃጠለው። አዲስ ሚዛን ታዞ ነበር፤ የሚደርሰው ከሦስት ወር በኋላ ነው። የሚዛኑ ካርድ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አይገጥም፤ አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ አሮጌ ካርድ እንጂ ሌላ አይቀበልም። ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ከየትም ፈልገው አንድ ካርድ አገኙና ድራይቨሩን ራስህ ፈልግ አሉት። ሚዛኑ እንደገና አበደ። እህቴ ይህን ስትሰማ እጆቿን አፋትጋ ሻይ አዘዘች።

መጀመሪያ መልእክተኛ ላኩባት። «ራሱ ይምጣ» ብላ መለሰችው። በማግስቱ ከረባት ከነከረባቱ መጣ። አሁን የግቢው ሁሉ ኃላፊ ሆኗል።

«እንዴት ነዎት?» አላት። ሲያባርራት «አንቺ» ነበረች፤ ካርድ ሲቃጠል አንቱ ሆነች።

«ደህና ነኝ። ካርዱ አለኝ፤ ዋጋም አልጠይቅም» አለችው። «ያን ቀን የቆሙበት ደረጃ ላይ ቆመው፣ ሚዛኑን ማን እንደነካው ይናገራሉ። ሰው ባለበት። እሱ ብቻ ነው።»

ከረባት ፈገግ አለ። «እስካሁን ይሄን ይዘው ነው የተቀመጡት?»

«ስንት መኪና ተሰልፏል?»

«ስልሳ።»

ስልሳ ሲል ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። አባባ ግን አልሳቀም። ወንበሩ ላይ እንዳለ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

ከረባት እሺ ብሎ ነበርና ዓርብ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ልንሄድ ስንነሣ አባባ ጉልበቴን አሞኛል አለ። «እናንተ ሂዱና ኑ። እኔ ምን እሠራለሁ?»

«አንተ ካልሰማህልኝ ማን ይስማልኝ?» አለችና ኮቱን ራሷ አለበሰችው። የግቢው በር አጠገብ፣ ጥበቃ ሳለ ይቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ያ ሁሉ ዓመት ሲያቃጥላት የኖረው የሾፌሮቹ ወሬ አልነበረም፤ አባቷ የሠራበት ግቢ ውስጥ ስሟ ቆሽሾ መቅረቱ ነው።

ሚዛን ቤት ገብታ ኮምፒውተሩን ፈታችው። የጥሪ ቁጥሮቹን በእርሳስ ወረቀት ላይ ዘረዘረች፤ ሦስት የሚዛኑ ነው፣ ሰባት የማተሚያው፣ አምስት ባዶ ነው። መስመሯን ከእነቁጥሮቿ መልሳ ጻፈች፣ ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ካርዱን ቦታው ላይ ሰካች። የጥሪ ቁጥሩን የምትወስነውን ክዳን ግን አልሰካችም። መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻትና ወደ ደረጃው ወጣች።

«አልቋል። የቀረው ይቺ ናት» ብላ ለከረባት የተጨበጠ እጇን አሳየችው። «ይናገሩ።»

ሾፌሮቹ በየመኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ አለቃ ደረጃ ላይ ሲቆም ተሰበሰቡ። «ነካኪዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት የጫኞቹ ሹም ሸብቶ አሁንም እዚያው አለ። ከረባት ጉሮሮውን ጠረገ። «ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሚዛኑ የተበላሸው በእሷ አልነበረም። በምሳ ሰዓት ገብቼ የነካሁት እኔ ነኝ። በውሸት ነው ያባረርኳት።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ውሸት አልናገርም፤ እንዲያ ተዋርዶ ሳየው ዓለሜን ነው ያየሁት። የጫኞቹ ሹም ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ከኋላ አንድ ወጣት ሾፌር፣ «እና ሚዛኑ መቼ ነው የሚከፈተው?» አለ።

ከረባት ግን አልጨረሰም። የተነከሰ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። እጁን ወደ በሩ ዘረጋና፣ «እኔ ብቻ ልዋረድ እንዴ? ያን ቀን በመስኮት ያዩኝ ሰው እዚያ ተቀምጠዋል። ዐይን ለዐይን ተያይተናል። እስቲ እሳቸውም ይጠየቁ» አለ።

እህቴ ከደረጃው ወረደች። ግቢውን ቀስ ብላ አቋርጣ አባባ ፊት ቆመች። እኔም ተከተልኳት።

«አባባ፣ አይተህ ነበር?»

አባባ ወደ ሚዛን ቤቱ መስኮት ነበር የሚያየው። «አይቻለሁ» አለ።

«ጠይቄህ ነበርኮ።»

«ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ይሄኛው» ብሎ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ፣ «ትምህርት ላይ ነበር። ብናገር ሁለታችንም እንባረራለን። አንዳችን እንኳ እንትረፍ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ለብቻዬ ብትነግረኝስ?»

«ብነግርሽ ዝም አትይማ።»

እውነቱን ነው፤ አትልም። እኔ በዚያች ደቂቃ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥዬ በአባቴ ላይ ከረባትን ከጠላሁት በላይ ተናደድኩ። ዝም አይነቅዝም ሲል የኖረው ዝምታ በእህቴ ሕይወት ውስጥ ዱቄት እስኪሆን ነቅዟል፤ እኔም ያንን በልቼ ነው አስተማሪ የሆንኩት። ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ በእጇ ገታችኝ። ተመልሳ ሚዛን ቤት ገባች፣ ክዳኗን አምስት ላይ ሰካች፣ ኮምፒውተሩን አስነሣች። ሚዛኑ ዜሮ አለ። የመጀመሪያው መኪና ወጣበትና ክብደቱ ቢሮ ደረሰ። ከረባት አመሰግናለሁ ሲላት አልሰማችውም።

ወደ ቤት ስንመለስ እህቴ ከታክሲው ሾፌር አጠገብ፣ ብቻዋን ፊት ተቀመጠች።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አባባ በሰዓቱ መጣ። ወንበሩ በር ላይ የለም። ውስጥ፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ነው፤ ላዩ ላይ ካርድ የሞላ ካርቶን ተጭኗል። አባባ ወንበሩን አየው፣ እሷን አያት። ቀና አላለችም። የበሩን መቃን ተደግፎ ቆመ።

ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። ልብስ ሰፊው በዚያ ሲያልፍ፣ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ምነው ቆመው?» አለው።

«እግሬን ላፍታታው ብዬ ነው» አለ አባባ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ብሩሿ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለች። እኔ ብሆን እስከ ማታ አቆመው ነበር፤ ግን በዚያ ዝምታ ዳቦ የበላሁ ሰው ነኝና የመፍረድ መብት የለኝም። ሦስት ካርድ አጸዳች፣ ሦስት ፕላስተር ለጠፈች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የአባባ ጫማ ላይ ስትደርስ ካርቶኑን አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሳታየው ወንበሩን በእግሯ ወደ በሩ ገፋችው።